ቱሪስቱን ማን ብለን እንጥራው?

ጃማይካ ኪንኬይድ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመቻት «ትንሽ ቦታ» መቶ ገጽ እንኳ አትሞላም። የምትናገረው ደራሲዋ በ1949 ስለተወለደችባት የካሪቢያን ደሴት ስለ አንቲጓ ነው። መጽሐፏን አንብቦ «ይሄ ስድብ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መቼም ቁጣዋ ግልጽ ነው። ጥያቄው ግን ቁጣው ቅርጽ አግኝቷል ወይ ነው፤ በኔ አስተያየት አግኝቷል።

ተራኪዋ ለዕረፍት የመጣውን ቱሪስት ፊት ለፊት ታናግረዋለች። ከአውሮፕላን ሲወርድ ትቀበለዋለች። የአውሮፕላን ማረፊያው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም መጠራቱን አሳይታ፣ ስሙ በትምህርት ቤት ወይም በሆስፒታል ላይ ለምን እንዳልዋለ ትጠይቃለች። ታክሲ ላይ አስቀምጣ በ1974 የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳውን ቤተ መጻሕፍት ታሳየዋለች፤ ይጠገናል የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆቴል ሲገባ የታጠበበት ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ትነግረዋለች፦ ወደሚዋኝበት ባሕር! እራቱስ? ከማያሚ በአውሮፕላን የመጣ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ሰውየው አንድ ነገር በሰላም አይቶ አያልፍም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የፀሐዩ ነገር ነው። ቱሪስቱ ዝናብ ባለመዝነቡ ደስ ይለዋል፤ የደሴቱ ሰው ግን ድርቅ ላይ ነው፣ የሚጠጣውን ውሃ በጠብታ ይቆጥራል። የኛም አገር ማስታወቂያ ለብዙ ዘመን «የ13 ወር ፀሐይ» ይል እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን ገጽ ቶሎ አይገለብጠውም።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። እንግሊዝኛው ለሁሉም የሚሆን አንድ ቃል አለው፤ ወንዱም ሴቷም፣ አንዱም ብዙውም፣ የተከበረውም የተናቀውም በዚያው ይጠራሉ። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ይያዛል። «እርስዎ» ቢል የሆቴል አስተናጋጅ አነጋገር ይሆንና ቁጣው በትሕትና ተሸፍኖ ይመጣል። «አንተ» ቢል የሠፈር ጠብ ነው፤ ሴቷ ቱሪስትም «እኔን አይደለም» ብላ ታመልጣለች። «እናንተ» ቢልማ ስብከት ሆነ፣ አንባቢው ከሕዝብ መካከል ይደበቃል። እኔ ብሆን በ«እርስዎ» ጀምሬ፣ ታክሲው ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ሲደርስ ወደ «አንተ» አወርደዋለሁ። ደራሲዋ ያላለችውን ጨመርክ የሚል ይኖራል። ይበል፤ አማርኛ እንደሆነ አንዱን ሳይመርጡ ማለፍን አይፈቅድም።

ጉድለቷንም መናገር ያስፈልጋል። እንግሊዞች ደሴቲቱን ከያዙበት ከ1632 አንሥቶ ጌቶቹ በመጽሐፏ በብርቱ ይወቀሳሉ። ከ1981ዱ ነፃነት በኋላ የመጡት ሙሰኞችም አልቀሩም። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ጌትነቱን የጣለም ከባርነት የወጣም ያው ተራ ሰው ነው ተብሎ ይዘጋል። እንዴ! ይህ ሁሉ ክስ ከተዘረዘረ በኋላ በጥቂት መስመር? ሌላው፣ የሆቴሉን አልጋ የምታነጥፈዋ ሴት በመጽሐፏ ውስጥ ቃል አትተነፍስም፤ ሁሉንም የምትናገርላት በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው ተራኪ ናት። በ2001 ስቴፋኒ ብላክ የዚችኑ መጽሐፍ ቃል አስተካክላ ስለ ጃማይካ «ላይፍ ኤንድ ዴት» የሚባል ዘጋቢ ፊልም ስትሠራ፣ የወተት ገበሬዎቹና የልብስ ፋብሪካ ሴቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በዚህ በኩል ፊልሙ ይበልጣል።

ሆኖም ፊልሙ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ። ኪንኬይድ ያገሬው ሰው ቱሪስቱን ለምን እንደማይወደው ስታስረዳ ምክንያቱን ቅናት ታደርገዋለች፦ ማንም ሰው ከዕለት ኑሮው መሰልቸት ለጥቂት ቀን መሸሽ ይፈልጋል፣ የደሴቱ ሰው ግን ለመሄድም ድሃ ነው፣ ባለበት በደንብ ለመኖርም ድሃ ነው። እሱ መሄድ አቅቶት የተቀመጠበትን ሰፈር፣ ሌላው ገንዘብ ከፍሎ ሊዝናናበት ይመጣል።