ስሟን የተነጠቀች ልጅ
(ስለ «የአቱዋን መቃብሮች»)

ሦስት ተከታታይ ክፍል ያለው ተረት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚበደለው መካከለኛው ነው። ፊተኛው የመጀመር ደስታ፥ ኋለኛውም የመፈጸም ክብር አለው፤ መካከለኛው ግን እንደ ባሮ ድልድያችን፥ ሰው ሁሉ ወደ ማዶ ለመድረስ ብቻ የሚረግጠው ይሆናል። አሜሪካዊቱ ደራሲ ኡርሱላ ለጉዊን (1929–2018) «ምድረ ባሕር» ስለ ተባለ የደሴቶች ዓለም ለወጣቶች ከጻፈቻቸው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት ሁለተኛው፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 የታተመው «የአቱዋን መቃብሮች»፥ ከዚህ ዕጣ ያመለጠ ነው።

በ1968 የወጣው ፊተኛው መጽሐፍ የጌድ የተባለውን ወጣት አስማተኛ ታሪክ ይነግራል። (አስማት የሚለውን ቃል አይቶ መጽሐፉን የሚያጥፍ አንባቢ ጥቂት ይታገሥ።) እኛ ያንኑ ጐልማሳ ስንጠብቅ ደራሲዋ በፖም ዛፎች መካከል የምትሮጥ፥ ቴናር የምትባል ሕፃን ታሳየናለች። አባቷ፥ የሚወስዷት ሰዎች እንደሚመጡ ያውቃልና፥ እናቲቱ ልቧን በልጅቱ ላይ እንዳትጥል ይገሥጻታል። የመቃብሮቹ ካህን የነበረችው ሴት በሞተችበት ሌሊት ስለ ተወለደች፥ ያችው ሴት ተመልሳ እንደ መጣች ይቈጥሯታል። አምስት ዓመት ሲሆናት ይወስዷታል፤ ስም ለሌላቸው የጨለማ ኀይሎች ይሰጧታል፤ ስሟንም ነጥቀው አርሃ፥ ማለት «የተበላችው»፥ ይሏታል።

እዚህ ላይ ከካህናት አንባብያን አንዱ መጠየቁ አይቀርም። እመቤታችን በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ አልገባችምን? ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታን የምናከብረው ስለዚህ አይደለምን? መነኵሴስ ቆብ ሲጭን ስሙ አይለወጥምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደራሲዋም በቀላሉ የምታመልጠው አይመስለኝም። ነገር ግን እመቤታችን ከነስሟ ገባች፤ መነኵሴም አሮጌውን ስም የሚተወው ዐውቆና ፈቅዶ፥ ሌላ ስም ሊቀበል ነው። ለአርሃ የተሰጣት ግን የስም መጥፋት ነው። የምታገለግላቸው ኀይሎች ራሳቸው ስም ስለሌላቸው ማንንም በስሙ አይጠሩም። የክርስትና ስም ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል የጨለማው ነው። ከመሬት በታች ወዳለው ዋሻ መብራት ማስገባት ክልክል ስለ ሆነ፥ ልጅቱ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች፥ መታጠፊያውን እየቈጠረች፥ የአብነት ተማሪ ዜማውን በቃሉ እንደሚይዝ መንገዱን ሁሉ ታጠናዋለች። ደራሲዋ አትቸኵልም። ጌድ የሚመጣው ታሪኩ ወደ መካከሉ ሲቃረብ፥ ያውም እንደ ሌባ ነው። በበትሩ ጫፍ በያዘው ብርሃን አርሃ በዳሰሳ ብቻ የምታውቀው ዋሻ በሚያብረቀርቅ ድንጋይ የተሸለመ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ታያለች። ቤቷ ያማረ መሆኑን ከሌባ ተማረች።

ሌባው የሚፈልገው ከሁለት የተሰበረ አምባር ነው፤ ግማሹ በመቃብሮቹ ግምጃ ቤት ተቀምጧል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ የሰላም ምልክት ይሆናል። ይህ ባዕድ ተረት ነው የሚል ሰው እዚሁ በጋምቤላ ስለ አኝዋክ መኳንንት የዶቃ ሐብል ይጠይቅ። እንግሊዛዊው ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ አኝዋክ አገዛዝ በ1940 ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው፥ የመኳንንቱ ክብር በዚያ ሐብል ይታወቅ ነበር፤ ከወንዝ እንደ ወጣም ይተረካል፤ መኳንንቱም ስለ እርሱ እየተዋጉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ለጉዊንም የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ልጅ ነበረችና ትንሽ ጌጥ መንግሥትን እንዴት እንደሚሸከም ታውቃለች። የአቱዋን ግምጃ ቤት ግን አምባሩን ከሰው እጅ ከልክሎ፥ ማንም እንደማይጠራው ስም አስቀርቶታል።

ነቀፋ የለኝም አልልም። ኮሲል የተባለችው ካህን ክፋቷ ከመጠን ያልፋል። ይልቁንም ማናን፥ ልጅቱን እንደ እናት ያሳደገው፥ እስራቷንም የጠበቀው ጃንደረባ፥ በገደል ወድቆ ሲሞት ደራሲዋ በችኰላ ታልፈዋለች። የሚወድ ሰው እንዴት የወህኒ ዘበኛ እንደሚሆን ቆማ ልታየው ይገባት ነበር። በ1990 በወጣው አራተኛ መጽሐፍ ወደ ቴናር፥ ባሏ የሞተባት ሴት ሆና ሳለች፥ ተመልሳለች፤ ወደ ማናን ግን አልተመለሰችም።

ሌላ ተረት ጸሐፊ ቢሆን መቃብሮቹ ሲፈርሱ በጨረሰ ነበር። ቴናር ግን ነፃ ከወጣች በኋላ ስለ ጠፋው ዕድሜዋ ታለቅሳለች፤ ስሟን የመለሰላትንም ሰው ለመግደል ቢላዋ ይዛ በባሕር ዳር ትቀርበዋለች። ሳትወጋውም ትቀራለች። ወደ ሃቭኖር ከተማ ሲደርሱ ሕዝቡ በእልልታ ይቀበላቸዋል፤ እርስዋም እጁን ይዛ፥ ወደ ቤቷ እንደምትገባ ሕፃን፥ በመንገዱ ትሄዳለች።