ሐርላ፦ ንግድና ዕውቀት የተጎራበቱባት ጥንታዊት ከተማ

ሐርላ ከድሬዳዋ ብዙም ሳትርቅ፣ የስምጥ ሸለቆው ቆላ ወደ ሐረርጌ ደጋ በሚወጣበት አፋፍ ላይ የነበረች የመካከለኛው ዘመን ከተማ ናት። ዛሬ በፍርስራሿ ላይ የኦሮሞ ገበሬዎች ያርሳሉ። የተከመረውን ትልልቅ ድንጋይ እያዩ፣ የጥንቶቹ ነዋሪዎች ግዙፋን ነበሩ ብለው የሚተርኩ አሉ። በ2015 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአርኪዮሎጂ ተመራማሪው በቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በስፍራው ቁፋሮ ጀመረ። ከተማዋ ከ6ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሰው ይኖርባት እንደነበር የታወቀው በዚህ ቁፋሮ ነው።

ከአፈሩ የወጣው ቁሳቁስ የከተማዋን ንግድ ስፋት ያሳያል። የቻይናና የየመን ሸክላ፣ የመስታወት ዶቃ፣ ከባሕር የመጣ ዛጎል፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተመታ ገንዘብ ተገኝቷል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን የጌጣጌጥ ሠሪዎቹ መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ ብርና ነሐስ ይሠራ፣ የከበሩ ድንጋዮችም ይጠረቡ ነበር፤ ከአሠራሩም ከፊሉ ከሕንድ ጋር የሚያያዝ ነው። እንግዲህ ሐርላ የውጭ ሸቀጥ የሚራገፍባት ማረፊያ ብቻ አልነበረችም። ጥሬ ዕቃ ተቀብላ በእጅ ጥበብ ዋጋ የምትጨምር ከተማ ነበረች።

የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊዷም ተቆፍሮ ወጥቷል። አሠራሩ በደቡብ ታንዛንያና በሶማሌላንድ ካሉት ጥንታዊ መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። በአካባቢው በዐረብኛ የተቀረጹ ድንጋዮችም መገኘታቸው ጽሕፈት የሚያውቁ ሰዎች እንደነበሩባት ይመሰክራል። መስጊዱንና ገበያውን ነጣጥሎ ማየት ግን ስሕተት ነው። ከሩቅ አገር ጋር የሚነግድ ሰው የሽርክና ውል፣ የብድር ምስክር፣ በመንገድ ለሞተ ሲራራ ነጋዴ ደግሞ ውርስ የሚያጣራ ዳኛ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የሸሪዓን ሕግ የተማረው ፈቂህ ነው።

ከአዋሽ ወዲያና ወዲህ የነበሩት ሙስሊም መንግሥታትም ይህንኑ ያስረዳሉ። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 ያሳተመው የሸዋ ሱልጣኔት አጭር ዜና መዋዕል፣ ከነገሥታቱ ጠብና ሹም ሽር መካከል የአገሩን ዋና ቃዲ ሞት ሳይቀር ይመዘግባል። ሱልጣኔቱን በ1285 ወላስማ የተባሉት የይፋት ገዢዎች አጠፉት። በቀጣዩ መቶ ዓመት የካይሮው ጸሐፊ አል ዑመሪ ይፋትን፣ ዳዋሮን፣ ሐድያን፣ ባሌንና ሌሎች ሦስት ግዛቶችን ዘረዘረ። በይፋት የግብፅ ዲናርና ዲርሃም ሲሠራበት፣ በዳዋሮ ‘ሐኩና’ የተባለ መርፌ የሚያክል ቁራጭ ብረት የገበያ ገንዘብ ነበር። ከእስልምና የሕግ መዝሀቦች በይፋት የሻፊዒ መዝሀብ፣ በዳዋሮና በባሌ የሐነፊ መዝሀብ ይበዛ እንደነበርም ጽፏል። ስለ ሐድያ ያስተላለፈው ወሬ መራራ ነው፤ አገሩ በባሪያ ንግድ የታወቀ ነበር። የአካባቢው ንግድ ሀብት ከምን ከምን እንደተሰበሰበ ሲነገር የባሪያ ንግዱ ሊዘለል አይገባም።

አል ዑመሪ ይህን ካወሩለት ሰዎች አንዱ ሼኽ ዐብደላህ አል ዘይለዒ ነበሩ። እኚህ ፈቂህ ወደ ካይሮ የሄዱት የግብፅ ፓትርያርክ ለሐበሻው ንጉሥ ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው፣ በሙስሊሞቹ ላይ የሚደርሰው በደል እንዲቀር ለመማለድ ነው። በዚያው ዘመን ስማቸው ከወደብ ከተማዋ ከዘይላ ጋር የተያያዘ ሁለት የሐነፊ ሊቃውንት በካይሮ ገነው ነበር። አንደኛው የፊቅሁ ሊቅ ፈኽሩዲን አል ዘይለዒ ናቸው። ሁለተኛው ‘ነስብ አር ራያህ’ የተባለውን የሐዲስ ሥራ የጻፉት ጀማሉዲን አል ዘይለዒ ናቸው። በአል አዝሀርም ለዚህ አካባቢ ተማሪዎች ‘ሪዋቅ አል ጀበርት’ የተባለ ማደሪያ ተለይቶላቸዋል። ዛጎልና ዶቃ ወደ ደጋ በወጣበት መንገድ ተማሪው ወደ ባሕር ይወርድ ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህ ሁሉ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በጦርነት ዐይን ነው። በአዳማና በሞጆ ዙሪያ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው በ1529 የተካሄደው የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ነው፤ ዐረብ ፈቂህ የተባሉት ጸሐፊ የአዳሉን መሪ የኢማም አሕመድን ዘመቻ በጻፉበት መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕልም ከዚህ አይለይም። በዚህ መንገድ ላይ ያሉት የዛሬ ከተሞች ራሳቸውም የተወለዱት ከባቡር ሐዲድ ጋር እንደሆነ ይታሰባል፤ ድሬዳዋ በ1902 ተቆረቆረች፣ ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማም ከፍ እያለች ሄደች። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከባሕሩ ወደ አዋሽ የሚወጣው ንግድ ሐዲዱን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ሐርላ በ15ኛው መቶ ዓመት ተተወች። በሐረር የተቆፈሩት መስጊዶች ደግሞ ከዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ የሚቀድም ዕድሜ አላስገኙም። ከዚህ ተነሥቶ ኢንሶል ሐርላን የሐረር ቀዳሚ አድርጎ ማየቱ አሳማኝ ነው። የአዳል ሱልጣኔት መናገሻ በ1520 ወደ ሐረር ተዛወረ፤ ከተማዋን የከበበውን የጀጎል ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ ይነገራል። ቂርአቱ፣ ኪታብ መጻፉና መጠረዙም በጀጎል ውስጥ ለመቶ ዓመታት ቀጠለ።