ቨርጂኒያ ዉልፍና የሐሰት መሳፍንት

ባለፈው ወር አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ወዳጄ «ሚስስ ዳሎዌይ» የተባለውን የቨርጂኒያ ዉልፍን ልብ ወለድ ታሪክ ለተማሪዎቹ ሊያስተምር ተሰናድቶ ሳለ፥ አንድ የጥንት ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣና «ይህን ላሳያቸው ወይስ ልለፈው?» ሲል አማከረኝ። በፎቶግራፉ ላይ ጥምጥም የጠመጠሙ፥ ረዣዥም ቀሚስ የለበሱና ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የተቀቡ ሰዎች ይታያሉ። ከመካከላቸው ሰው ሠራሽ ጢም የለጠፈችው ወጣት ቨርጂኒያ ራስዋ ናት፤ እንዲህ የተሰናዳችውም የሐበሻ መስፍን ለመምሰል ነው።

ነገሩ የተፈጸመው በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910 ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ የአውሮፓ ናቸው።) ሆራስ ኮል የተባለ ቀልደኛ ከጓደኞቹ ጋራ ተማክሮ፥ የሐበሻ መሳፍንት ድሬድኖት የተባለውን የጦር መርከብ ሊጐበኙ ይመጣሉ የሚል ቴሌግራም በውጭ ጉዳይ ሹማምንት ስም አስላከ። ቨርጂኒያ፥ ወንድሟ ኤድሪያንና ሌሎቹ በባቡር ዌይመዝ ሲደርሱ የባሕር ኃይሉ መኰንኖች በክብር ተቀበሏቸው። የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያ የሚለው ዜማ ስላልነበረው የዛንዚባርን መዝሙር አሰማላቸው። አስተርጓሚ የሆነው ኤድሪያንም ከቨርጂልና ከሆሜር በቃሉ የያዘውን ላቲንና ግሪክ እየሰባበረ «ሐበሽኛ» ተናገረ። ዝናብ ባካፋ ጊዜ የአንደኛው «መስፍን» ጢም ሊላቀቅ ጀመረ፤ ምግብ ቢቀርብላቸውም የከንፈራቸው ቀለም እንዳይለቅ ፈርተው አልቀመሱም። መኰንኖቹ ግን አንዳች አልጠረጠሩም።

ስለዚች ደራሲ ከሚጽፉትና ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ ይህን ታሪክ ለጨዋታ ማዋዣ ያህል ያነሡታል፤ ተማሪው ይስቃል፥ ትምህርቱም ያልፋል። የእኔ ቅሬታ በሳቁ አይደለም። የቀልዱ ዒላማ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እንጂ ኢትዮጵያ እንዳልነበረች አውቃለሁ፤ የተዋረደ ቢኖርም፥ ዓለምን አውቃለሁ እያለ ላቲንን ከአማርኛ ለመለየት ያልቻለው መኰንን ነው። ነገር ግን ቀልዱ ሊሠምር የቻለው አታላዩም ተታላዩም ስለ ሐበሻ ያላቸው ዕውቀት እኩል ባዶ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1902፥ ራስ መኰንን ለንጉሥ ኤድዋርድ የዘውድ በዓል ሎንዶን ገብተው ነበር። የኢትዮጵያ መስፍን ምን እንደሚለብስ ለማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ ባልተቸገረ ነበር። ፈላጊ አልነበረም፤ ጥምጥምና ጥቁር ቀለም በቃ።

እንግዲህ ወደ መጽሐፉ እንመለስ። በ1925 የታተመው «ሚስስ ዳሎዌይ» በሎንዶን በአንድ የሰኔ ቀን የሚፈጸም ነው። ክላሪሳ ዳሎዌይ፥ የአንድ የምክር ቤት አባል ሚስት፥ ለማታው ግብዣ ስትሰናዳ ትውላለች። ሴፕቲመስ የተባለው ሌላው ባለ ታሪክ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አእምሮው ታውኮ የተመለሰ ወታደር ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይተዋወቁም። ራሱን ከመስኮት ወርውሮ መሞቱ በግብዣው መካከል ሲወራ ግን፥ ክላሪሳ የማታውቀውን ሰው ሞት በገዛ ሰውነቷ የደረሰ ያህል አድርጋ ታስበዋለች። ደራሲዋ ከውጭ ቆማ አትተርክም፤ የከተማው ሰዓት ሲደወል ከአንዱ ሰው ልብ ወጥታ ወደ ሌላው ትገባለች። ተማሪን የሚያስቸግረው ይህ መሻገር ነው፤ እኔም ራሴ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼው፥ በሦስተኛው ነው የጨረስሁት።

ፎቶግራፉ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሴፕቲመስ ልብ ለመግባት የቻለችው ደራሲ፥ በ28 ዓመቷ ሐበሻን የለበሰችው ከቆዳ በላይ ብቻ ነበር። መጽሐፉም ይህንኑ ወሰን ሳይሸከም አልቀረም። ክላሪሳ አርመኖችን ከአልባኖች ትደባልቃለች፤ ሕንድም የምትታየው ከዚያ በተመለሰው በፒተር ዋልሽ በኩል ነው። ደራሲዋ በክላሪሳ አለማወቅ ታሽሟጥጣለችን፥ ወይስ አብራት ትጋራዋለች? እኔ ሁለቱንም ይመስለኛል፤ ተማሪው ግን ጥቅሱን ፈልጎ፥ አስረጅቶ ይከራከርበት።

ይህን ተይዞ መጽሐፉን በንቀት መዝጋት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ደራሲዋ በ1938 ባወጣችው «ሦስት ጊኒ» የመኰንኖችን ኒሻንና የማዕርግ ልብስ ከጦርነት ጋራ አያይዛ ነቅፋለች። ባሏ ሊዮናርድም በ1920 የአውሮፓን መንግሥታት በአፍሪካ ላይ ያላቸውን ስስት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ስለ ኢትዮጵያ ምዕራፍ ሰጥቶበታል። ይሁን እንጂ ኤድሪያን ያን ቀልድ ጽፎ የዉልፎች ማተሚያ ቤት ያሳተመለት በ1936፥ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ነው። ቨርጂኒያም በ1940 ለሮድሜል መንደር ሴቶች ታሪኩን ደግማ አጫውታለች። በ1910 አለማወቅ ነበር ቢባል፥ ከ1936 በኋላ ምን ይባላል? ስለ እርሷ በሚጻፈው ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ብዙ አላጋጠመኝም።

ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር፥ ተማሪዎቹ መጽሐፉን እስከ ግብዣው ምሽት ካነበቡ በኋላ ፎቶግራፉን እንዲያሳያቸው ነበር፤ ቀድመው ቢያዩት በቂም ያነቡታል ብዬ ስለ ሰጋሁ ነው። እርሱ ግን ስሟን እንደ ነገራቸው በዚያው ምሽት በስልካቸው ፈልገው ያገኙታልና ከእኔ እጅ ቢያዩት ይሻላል አለኝ። ለዚህ መልስ አጣሁለት፤ ፎቶግራፉንም በመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ አኑሮት ሄደ።