የሳንቲሙ አንበሳና የደጋ አጋዘን

በአዳማ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረውን፣ 1969 ዓ.ም. የሚል ዘመን የተቀረጸበትን ሳንቲም ልብ ብሎ የመረመረ ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ በአንደኛው ገጽ ያለው የአንበሳ ራስ፣ ጎፈሩ እንደ ነበልባል በሚወርዱ መስመሮች ብቻ የተገለጸው፣ ከሥነ ጥበብ ሊቃውንት ሥራ የሚቆጠር ነው። ጥንታውያን ጋውላውያን የመቄዶንያውን ንጉሥ የዳግማዊ ፊልጶስን የወርቅ ገንዘብ አብነት አድርገው ሲቀርጹ፣ ሠረገላ ሳቢዎቹን ፈረሶች ከትውልድ ወደ ትውልድ እያቀለሉ፣ በፍጻሜው ሥጋውን ትተው ሩጫውን በክብና በቅስት እንዳስቀሩት ሁሉ፣ የዚህም ሳንቲም ቀራጺ አውሬውን ትቶ ግርማውን ያዘ። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተመታው የዳግማዊ ምኒልክ ብር አንበሳ፣ ዘውድ ደፍቶ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይዞ፣ ሙሉ አካሉ የሚታይ ክቡር ሥዕል ነው፤ ለእኔ ግን፣ የታሪክ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝና፣ ራሱ ብቻ የሚታየው ይበልጥብኛል።

ከሁሉም የምመርጠው ግን አሥር ሳንቲሙን ነው፤ ዛሬ የሚገዛው ነገር ባይኖርም፣ በጀርባው የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ምድር የማይገኝ፣ መኖሪያውም ከስምጥ ሸለቆው ከተሞች በስተምሥራቅ በሚታዩት በአርሲና በባሌ ተራሮች የሆነ፣ የአገሩ ባለርስት ነውና።