የመሪና የስኬግ ጥገና፦ ከቀለም በፊት የሚታይ ሥራ

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በአናፖሊስና በዙሪያዋ ባሉ የጀልባ ግቢዎች፣ ብርዱ አልፎ ጸደይ ሲገባ ያገለገሉ የሸራ ጀልባዎች ለገዢ ይቀርባሉ። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ዋጋ ካረጀ መኪና አይበልጥም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ አናፖሊስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚበቃ፣ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ «መሪውም ስኬጉም ታድሷል» የሚል ሻጭ ፊት ለፊት ሊገጥመው ይችላል። ያን ቃል በዓይንና በእጅ መመዘን ይቻላል።

መሪ የምለው ከጀልባዋ ኋላ ውሃ ውስጥ ሆኖ አቅጣጫ የሚያስይዘውን ዝርግ ክንፍ ነው። ስኬግ ደግሞ ከጀልባዋ ሆድ ወደ ታች ወጥቶ ከመሪው ፊት የሚቆመው ጠባብ ክንፍ ነው። ስኬጉ ሙሉ ከሆነ የመሪው ታችኛ ጫፍ ከስኬጉ እግር ጋር በነሐስ ማጠፊያ ይያያዛል። ሮበርት ፔሪ በ1970ዎቹ የነደፈው፣ ረጅም ባሕር በማቋረጥ ስም ያተረፈው ቫሊያንት 40 መሪው በስኬግ የተደገፈ ነው። ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን እንደሚያስፈልግ የ1979ኙ የፋስትኔት የሸራ ጀልባ ውድድር ያስረዳል። ከተነሱት 303 ጀልባዎች መካከል ማዕበል ሲመታቸው መሪያቸው የተሰበረባቸው ነበሩ፤ በዚያ ማዕበል 15 ተወዳዳሪዎች ሞተዋል።

ጉዳት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ግጭትን ነው፤ ድንጋይ መምታት፣ አሸዋ ላይ መቀመጥ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በጊብራልታርና በፖርቱጋል ዳርቻ ኦርካ የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት መሪ እየገጩ ሰብረዋል። ሆኖም ያረጀን መሪ ድምፅ ሳያሰማ የሚጨርሰው ውሃ ነው። የብዙ ጀልባዎች መሪ የተሠራው ከሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች ነው፤ መካከላቸው በፎም ተሞልቶ የስቴንለስ ስቲል ዘንግ ያልፍበታል። ከዘንጉ ጎን የብረት ሰሌዳዎች ተበይደዋል፤ ዘንጉ ሲዞር ቅርፊቱን ይዘው የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። ብረትና ፋይበርግላስ ግን በሙቀትና በቅዝቃዜ እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይጠቡም። ስለዚህ ዘንጉ ከመሪው በሚወጣበት አናት ላይ ፀጉር የምታክል ክፍተት ትፈጠራለች፤ ውሃው የሚገባው በዚያች ነው። ፎሙ ይጠጣዋል፣ አይለቀውምም። ስቴንለስ ስቲል ዝገት የሚቋቋመው ፊቱን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በኦክስጅን እየታደሰ ስለሚጠብቀው ነው። አየር በሌለው እርጥብ ፎም ውስጥ ያ ሽፋን ይከዳዋል፤ ብረቱም በተለይ ብየዳው አካባቢ እየተቦረቦረ ይበላል። በጥር ብርድ ደግሞ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሁለቱን ቅርፊቶች መጋጠሚያ ይፈለቅቀዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መሪው ተከፍቶ ነበር?» የሚል ነው። የተፈለቀቀውን መጋጠሚያ በስቱኮ ደፍኖ መቀባት ለባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ባትላሜራ ሳይነካው ስቱኮ የተለቀለቀበት የመኪና በር ስንት ጊዜ እንደሚያቆይ የሚያውቅ ሰው የዚህንም መጨረሻ ይገምታል። ውሃው ውስጥ እንዳለ ታሽጓል፤ ብየዳውም መበላቱን ይቀጥላል።

ጀልባዋ በድጋፍ ላይ ቆማ ሳለ አንድ ሰው ከላይ የመሪውን እጀታ አጥብቆ ይያዝልዎት። እርስዎ ከታች የመሪውን የኋላ ጠርዝ ይዘው ግራና ቀኝ ይግፉት። እጀታውና ዘንጉ ጸንተው መሪው ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ ውስጥ ያለው ብየዳ ለቋል ማለት ነው፤ ያንን ቀለም አያድነውም። ቀጥሎ በካቻቢቴ እጀታ መሪውን ከአናቱ እስከ ጫፉ ቀስ እያሉ ያንኳኩት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ቅርፊቱ ከፎሙ በተላቀቀበት ወይም ፎሙ በራሰበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ባለቤቱ ከፈቀደ በታችኛው ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ። የሚንጠባጠበው ውሃ ቡናማ ከሆነ ብረቱ እየዛገ ነው።

በትክክል የተከፈተ መሪ አንዱ ቅርፊቱ ተቆርጦ ይነሳል፣ የራሰው ፎም ተፍቆ ይወጣል፣ ዘንጉ እስኪያበራ ይጸዳል፣ እያንዳንዱ ብየዳ ይመረመራል። እኔ በጣም የማከብረው ግን አንዲት ትንሽ ሥራ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ዘንጉ በሚወጣበት አናት ዙሪያ ቀጭን ቦይ ይቆርጥና በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላታል። ደረቅ ኢፖክሲ እዚያ ቦታ ይሰነጠቃል፤ የሚለጠጠው ግን ከብረቱ ጋር አብሮ ይሰፋል፣ አብሮ ይጠባል። ያቺን ቦይ ሳይ ሰውየው ውሃው በየት እንደገባ ገብቶታል እላለሁ።

ስንጥቅ የተጠገነበት ቦታ ደግሞ በጠርዙ ይመዘናል። ስንጥቁን በግራይንደር ቦይ አድርጎ መሙላት ጥገና አይባልም፤ የፋይበርግላሱ ቃጫዎች ተቆርጠው ቀርተዋልና። በስንጥቁ ዙሪያ ያለው ፋይበርግላስ ቀስ እያለ መሳሳት አለበት፤ የተለመደው ልክ ለ1 ሚሊሜትር ውፍረት 12 ሚሊሜትር ስፋት ነው። ስለዚህ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ በየአቅጣጫው 72 ሚሊሜትር ይፋቃል። ሰፊ ሆኖ ስለሚያስፈራ ብዙዎች ያሳጥሩታል፤ ጥገናው የሚላጠውም ከዚያ ነው። ሬዚኑ ኢፖክሲ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከደረቀ አሮጌ ፖሊስተር ጋር ከአዲስ ፖሊስተር ይልቅ አጥብቆ ይያያዛል። አብሮት የሚገባው የተሰፋ ጨርቅ ነው እንጂ፣ ማያያዣው በፖሊስተር ሬዚን እንዲሟሟ የተሠራው የተከታተፈ ምንጣፍ አይደለም። ኢፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅባት መሰል ነገር ሊያወጣ ይችላል፤ የሚለቀው በንጹህ ውሃና በማሻሻ ነው። «በንብርብሮቹ መካከል በምን አጠባችሁት?» ብለው ይጠይቁ፤ ከመልሱ ብዙ ይረዳሉ።

ስኬግ ላይ ዓይኔ ወዲያው የሚሄደው ከጀልባዋ ሆድ ጋር ወደሚገናኝበት ሥሩ ነው። ጫፉ ድንጋይ ሲመታ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከውጭ የሚታየው ስስ መስመር የላይኛው ሽፋን ብቻ የተሰነጠቀበት ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ራሱ ተሰብሮም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከውስጥ ነው፤ የጀልባዋን ወለል ከፍተው በባትሪ ይመልከቱ። የነጣ ፋይበርግላስ ወይም ከግድግዳው የተላቀቀ የውስጥ ማጠናከሪያ ካዩ፣ ከውጭ ብቻ የተለጠፈው ጨርቅ ምንም ያህል ቢያምር ስኬጉ አልተጠገነም። የስኬጉ ሥር ከውስጥም ከውጭም መጠናከር አለበት፤ ጨርቁም በሹል ማዕዘን ሳይሆን በተሞላ ክብ ጥግ ላይ ማለፍ አለበት። የነሐሱ ማጠፊያም ተፈትቶ ብሎኖቹ ታይተው ነበር? ይጠይቁ።

ከዚያ መስመሩ ነው። የላይኛው ማዞሪያና የታችኛው ማጠፊያ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልዋሉ መሪው በአንዱ ጎን ይከብዳል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ሲዞር በእኩል ቅለት መሄድ አለበት። ዘንጉ የሚዞርበት ቡኮላ ናይለን ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይታወስ፤ ናይለን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በመሬት ላይ ልክክ ብሎ የገባው ቡኮላ ውሃ ውስጥ ሊጠብቅ ስለሚችል፣ አዋቂው ለእብጠቱ ቦታ ይተዋል።

የመሪውን ቅርፅ ለመፈተሽ የአንዱን ጎን በካርቶን ቀርጾ በሌላው ላይ ማስጠጋት ይበቃል። ውሃ የማያስገባው የኢፖክሲ ቅብና ከላዩ ያለው ቀለም አስፈላጊ ናቸው፤ እነሱን ግን ማንም ማየት ይችላል።

ለመግዛት ከሆነ ሻጩን የተከፈተውን መሪና የተፋቀውን ጠርዝ የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቁ፤ ከሌለው መሪው እንዳልተጠገነ ቆጥረው ዋጋውን ይነጋገሩ። የሚያሠሩት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ሥራው ከመዘጋቱ በፊት መጥተው እንደሚያዩ ውሉ ላይ ያስጽፉ። በዚህ ከማይስማማ ባለሙያ ጋር ጀልባዎን አይተዉ።