500 ሰው ለምን አስፈለገ? ስለ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ

ይህን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ሳጥን ተዳፋት ላይ ተቀምጧል፤ ወለሉ ልሙጥ ነው፤ «ሰበቃ የለም ብላችሁ አስቡ» ይላል። ማዕዘኑ ተሰጥቷል። ቀመሩን ትጽፋላችሁ፣ መልሱ ይወጣል፣ ማርክ ይያዛል፣ አለቀ። ዛሬ ልተቸው የፈለግኩት ይህን ጥያቄ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ቅር የሚለኝ ግን እዚያ ላይ ማቆሙ ነው።

እስቲ ጥያቄውን ወደ አምባ መቅደላ እንውሰደው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ትልቁ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። 500 ያህል ሰው እንደጎተተው ይነገራል። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ አለ።

አሁን በፈተናው ዘዴ እናስላ። መንገዱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። የመድፉ ክብደት 70,000 ኒውተን ያህል ነው። ሰበቃ ከሌለ መድፉን ወደ ቁልቁለቱ የሚስበው ኃይል የክብደቱ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 7,000 ኒውተን ብቻ ነው። ለ500 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 14 ኒውተን ይደርሰዋል። ይሄ እኮ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ የማንሳት ያህል ነው! ዳገቱን ሦስት እጥፍ ብናከብደው እንኳ 42 ኒውተን ነው፤ አራት ኪሎ ጤፍ እንደ መያዝ። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ስድስት ወር ሙሉ ምን አለፋው?

መልሱ ያለው ጥያቄው «የለም ብላችሁ አስቡ» ያለው ነገር ውስጥ ነው። መንኮራኩር አፈር ውስጥ ይሰምጣል፣ ድንጋይ ይገታዋል፣ ያ ሁሉ ክብደት ያረፈበት ዘንግ ይፋተጋል። የሚገርመው ደግሞ ሰበቃ ጠላት ብቻ አለመሆኑ ነው። የጎታቹ እግር መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዘው በሰበቃ ነው። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ 500ውም ሰው ባለበት ይንሸራተት ነበር እንጂ መድፉን ንቅንቅ አያደርገውም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይከብዳል። መድፉ በዝግታ፣ በማይለዋወጥ ፍጥነት፣ በቀጥታ ዳገት ሲወጣ፣ ወደ ላይ የሚጎትተው ኃይል ወደ ኋላ ከሚይዘው ይበልጣል? አብዛኛው ተማሪ «አዎ፣ ካልበለጠማ እንዴት ይሄዳል?» ይላል። አይደለም። እኩል ናቸው፤ ድምራቸው ዜሮ ነው። ብልጫ የሚያስፈልገው ቆሞ የነበረውን ለማስነሳት ወይም ፍጥነት ለመጨመር ነው። የበሽሎን ቁልቁለት ስታስቡት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፤ ሰዎቹ ገመዱን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ መድፉ ግን ወደ ፊት ይሄዳል። ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው።

ይህ የእኛ ተማሪ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ሄስተነስና ባልደረቦቹ ስሌት የሌለበት፣ ኃይልና እንቅስቃሴን ብቻ የሚጠይቅ ፈተና አሳተሙ። በሃርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ፈተናውን ለራሱ ተማሪዎች ሲሰጥ፣ ከባድ ስሌት የሚሠሩት ልጆች ቀላል በሚመስሉት ጥያቄዎች ተሰናከሉ። ቀመር መቻልና መረዳት ለየቅል ናቸው።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ ሰበቃን በሐሳብ ማውጣት ትልቅ ጥበብ ነው። ጋሊሊዮም ያለ እሱ የሚንከባለል ኳስ አስቦ ነው «የሚገታው ካላገኘ አይቆምም» ወደሚለው ሐሳብ የደረሰው። ግን ያወጣነውን መልሰን ማስገባት አለብን። ምህንድስና ስማር ያየሁትም ይህንን ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ የተራራ መንገድ፣ ሁሉም የሚጀምረው ያ ጥያቄ ካቆመበት ነው። መካነ ሰላም ወይም ደሴ ተቀምጦ ነገ ለገደል አገር መንገድ የሚቀይስ ልጅ ልሙጥ ወለል አይጠብቀውም።

ስለዚህ ቀጣዩን የተዳፋት ጥያቄ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደብተሩን አትክደኑ። ሦስት ነገር ጨምሩበት፦ ሰበቃው ወዴት ነው? ፍጥነቱ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? የወጣው ቁጥር በገሃዱ ዓለም ያስኬዳል? ለመለማመጃ ደግሞ ሴባስቶፖል በሽሎን ሲወርድ ሥሉት፤ ቀስቶቹንም አንድ በአንድ አስቀምጡ።