ለቆሎ የሚበቃ ጥርስ

ቦንጋ፣ አክስቴ ቤት፣ ቡና ሲፈላ ቆሎ አይጠፋም። እሷ ግን የታችኛው ግራ መንጋጋዋ ከተነቀለ ወዲህ ቆሎውን ለእንግዳ ዘግና ለራሷ ቆጮ መቁረስ ጀመረች። ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ ድልድይ ማሠራት ይቻል ነበር፤ ደህና ጥርስ ማስሞረድ ግን አንጀቷ አልቻለም። ስለዚህ አጥንቷ ውስጥ በሚገባ ብሎን ላይ ጥርስ ልታስተክል በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። ሐኪሙ ፈቀደልኝና አጠገቧ ቆሜ አየሁ።

መሰርሰሪያው አጥንት ሲነካ የጨው ውኃ ያለማቋረጥ ይፈስበታል። ሐኪሙ ጥቂት ይሰረስራል፣ ያወጣል፣ ያሳርፋል፣ ይመለሳል። አጥንት በ47 ዲግሪ ሙቀት አንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል፤ የተጎዳ አጥንት ደግሞ ብሎኑን አይዝም። ከሥር የከንፈርን ስሜት የሚሸከም ነርቭ ስላለ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይተውለታል። እጁን ከማሠራት ይልቅ በመግታቱ ሲጠበብ አየሁት።

ብሎኑ ታይታኒየም ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጥንቸል አጥንት ውስጥ የታይታኒየም መሣሪያውን ሊያወጣ ቢሞክር አጥንቱ አልለቅ አለው። በ1965 የታይታኒየም ብሎን ሰው መንጋጋ ላይ ተከለ። አጥንት ብረቱን አቅፎ እስኪይዝ ወራት ይፈልጋል፤ እኛም ቦንጋ ተመልሰን ሦስት ወር ከመንፈቅ ጠበቅን።

ብሎኑ ላይ የሚገጠመው የዚርኮኒያ ጥርስ (ክራውን) የገባ ዕለት ያየሁትን አልረሳውም። የተፈጥሮ ጥርስ በቀጭን ጅማት ከአጥንቱ ጋር ስለተያያዘ ሲነከስበት በመጠኑ ይሰምጣል፤ የተተከለው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ እኩል ከተሠራ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ሐኪሙ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሰማያዊ ወረቀት በላይና በታች ጥርሶቿ መሐል አስገባ። «ቀስ ብለው ይንከሱ፣ እማማ።» ወረቀቱን ሳበው፤ ተያዘ። ወረቀቱ ያተማትን ሰማያዊ ነጥብ ብቻ፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጠውን፣ ሞረደ። እንደገና አስነከሳት። ሰባት ጊዜ! በመጨረሻ ቀስ ስትል ወረቀቱ ሾልኮ ወጣ፤ አጥብቃ ስትነክስ ተያዘ። የፈለገው ልክ ያ ነበር። የተሞረደውን ቦታ እንደገና አለሰለሰው፤ በጎኑ ክር አሳልፎም ፈተሸ።

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆሎ ዘገነችና ወደ ግራ ጉንጯ አዛወረችው፤ ከሙቀጫው ድምፅ በላይ ሲሰባበር ሰማሁት።